ያላየነው መርከብ

ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ከአሰብ የተነሳሁት ሽማግሌ ሆኜ ነው። ጢሙ ገና በቅጡ ያልገጠመ ጎረምሳ ምን ሽማግሌነት አለው ካላችሁ ልክ ናችሁ፤ እኔም ብያለሁ። ግን ጓደኛዬ ማስረሻ ፈቃድ ተከለከለ፣ እኔ ተፈቀደልኝ። ሁለታችንም የባሕር ኃይል ሰዎች ነን። በአንዲት ሚሳይል ተሸካሚ ጀልባ ላይ እሱ ተኳሽ ነው፣ እኔ የራዳር ሠራተኛ ነኝ። ሊያገባት የሚፈልጋት ልጅ እናኑ ትባላለች፤ ባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ስትሠራ ነው የተዋወቁት። አባቷ ከጣና ማዶ ቁንዝላ ላይ ቄስ ናቸው፤ ሽማግሌ ያላስቀደመ ሰው ደጃቸውን አይረግጥም።

«አጎቴ ጋሽ ታደሰ ባሕር ዳር አለ፤ ንግግሩን እሱ ይችልበታል» አለኝ ማስረሻ። «አንተ ስለ እኔ ከጠየቁህ ብቻ መስክር።»

«ምን ብዬ?»

«ምን ላድርግህ እንግዲህ፣ የምታውቀውን ነዋ።»

ይህችን ቃል በዚያን ሰዓት እንደ ዋዛ ነው ያለፍኳት።

ከአሰብ እስከ ሐሙሲት

እስከ ኮምቦልቻ የሄድኩት በነዳጅ ቦቴ ነው። ሾፌሩ ትንሽ ያወራና ብዙ ይዘፍናል። የአፋር በረሃ በጥርም ቢሆን ያው በረሃ ነው፤ የጨበጡት የበር እጀታ ያቃጥላል። ኬላ በደረስን ቁጥር የፈቃድ ወረቀቴን አወጣለሁ። ሚሌ ላይ አንዱ ፈታሽ ወረቀቴን ገልብጦ አይቶ «ጓድ፣ የጉዞው ዓላማ?» አለኝ። «ሽማግሌ ልሆን» ስለው ከላይ እስከ ታች አየኝና «ሰው አጡ ማለት ነው» ብሎ አሳለፈኝ። ሾፌሩ ይህን ነገር እስከ ባቲ ድረስ እየደጋገመ ሳቀብኝ።

ከኮምቦልቻ ወልድያ ገብቼ፣ ወደ ወረታ በሚወስደው አዲሱ መንገድ አውቶቡስ ያዝኩ። መንገዱ ደህና ነው፤ ገደሉ ግን ሰው ያስጸልያል። ከወረታ በኋላ አገሩ ሜዳ ሆነ፤ ጤፉ ታጭዶ ተከምሯል፣ ከብቱ በቃርሚያው ላይ ተሰማርቷል። ሐሙሲት ላይ አውቶቡሱ ለሻይ ቆመ። የሻይ ቤቷ ሴትዮ ነጭ የደንብ ልብሴን ሲያዩ ምን እንደሆንኩ ጠየቁኝ። የባሕር ወታደር ነኝ አልኳቸው።

«እና ልጄ፣ ባሕሩ እዚሁ አጠገባችን አለ አይደል፤ ስለምን ያን ያህል ርቀህ ሄድህ?» አሉኝ። ሻዩ ቅርንፉድ የበዛበት፣ ዳቦው ትኩስ ነበር።

ባሕር ዳር

ባሕር ዳር የደረስኩት የፋብሪካው ፊሽካ የቀን ሠራተኛውን ሲያሰናብት ነው። ሰዉ በብስክሌት ከአባይ ድልድይ ወዲህ እየጎረፈ ገባ። ጋሽ ታደሰን ያገኘኋቸው ከመካከላቸው ነው። የሽመና ክፍል ኃላፊ ናቸው፤ ማሽኑ ጆሯቸውን ስላደከመው ጮክ ብለው ነው የሚናገሩት። ሚስታቸው የተጠበሰ አሳ አቀረቡልን። ጋሽ ታደሰ እራት ላይ ዋናውን ጉዳይ አነሱ።

«ስማኝ፤ ሰውዬው የዋዛ ሰው አይደሉም» አሉኝ። «የአብነት መምህር ናቸው፣ የኔታ አስረስ ነው የሚባሉት። ሴት ልጆቻቸውን ሁሉ በቁርባን ነው የዳሩ። ይቺንም ያለ ቁርባን አይሰጡም። ደም ያለበት እጅ ደግሞ እንዲሁ አይቆርብም። ስለዚህ የልጁን ሥራ ከጠየቁ የመርከብ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው እንላለን። አለቀ።»

«ውሸት እኮ ነው፣ ጋሼ።»

«ያ ሚሳይል ያለ ኤሌክትሪክ ይሄዳል?»

«አይሄድም።»

«እንግዲያው የምን ውሸት?»

እሺ አልኩ። ማስረሻ እናኑን ካጣ እንዴት እንደሚሆን አውቃለሁ። ፎቶዋን ከአልጋው በላይ ሰቅሎ፣ ባሕሩ በተናወጠ ቁጥር እንዳይወድቅ በእጁ የሚይዝ ሰው ነው። የእኔ እሺ ማለት ያንን ፎቶ ከመያዝ የተለየ አልመሰለኝም።

በሐይቁ ላይ

የሐይቁ መርከብ ማልዳ ነው የምትነሳው። ወለሏ በእህል ጆንያ፣ በዶሮና በሰው ተሞልቶ ነበር። ከዘጌ በኩል እንጨት የጫኑ የደንገል ታንኳዎች ወደ ከተማው ሲመጡ አለፉን፤ ቀዛፊዎቹ ውኃው ላይ የተቀመጡ ነው የሚመስሉት። የሥራ ልማድ ክፉ ነው፤ እያየኋቸው የማስበው በእኛ ራዳር ላይ ይታዩ እንደሆነ ነበር። አይታዩም። ራዳር ብረት ይወዳል፤ ደንገል ታንኳን ከማዕበል አይለይም።

ጋሽ ታደሰ ስለ ሚሳይሉ ጠየቁኝ። ምስጢር ነው ልላቸው አሰብኩ፤ ግን የውጭ አገር መጽሔት ሁሉ የጻፈው ነገር ምን ምስጢር አለው? ነገርኳቸው። ጀልባችን ትንሽ ናት፤ ከግራና ከቀኟ ትልልቅ የብረት ሣጥኖች ተሸክማለች፤ በየሣጥኑ ውስጥ አጭር ክንፍ ያለው፣ ትንሽ አውሮፕላን የሚያህል ሚሳይል ተኝቷል። ነዳጁ ሥጋ የሚበላ ስለሆነ የሚሞሉት ሰዎች እንደ ንብ አናቢ ተሸፋፍነው ነው። ሲተኮስ ከውኃው ብዙም ሳይርቅ ይበራል፤ ወደ ዒላማው ሲቀርብ አፍንጫው ላይ ያለችው የራሱ ራዳር ትነቃና ፊቷ ካገኘችው ውስጥ ጎልቶ የታያትን ትይዛለች። የግብጾች ትንንሽ ጀልባዎች የእስራኤልን ትልቅ የጦር መርከብ ያሰጠሙት በዚህ ዓይነቱ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ትልቅ መርከብ ያለው ሁሉ ትንሽ ጀልባ መፍራት ጀመረ። አምና እንግሊዝና አርጀንቲና ሲዋጉም ከአውሮፕላን የተለቀቀ ሌላ ዓይነት ሚሳይል የእንግሊዝን መርከብ አቃጥሏል። አሁን መርከቦች ሚሳይል ሲመጣባቸው ብጣሽ ብረት የመሰለ ነገር ወደ ሰማይ ይበትናሉ፤ ሚሳይሉ እሱን መርከብ መስሎት እንዲሄድ ነው።

«ተኳሹ አይቶ አይደል የሚያነጣጥረው?»

ወደ ፊት አሳየኋቸው። የደቅ ደሴት ብቅ ብላ ነበር፤ ግን የዛፎቿ ጫፍ ብቻ ነው የሚታየው፣ ምድር ክብ ስለሆነች የብሱን ውኃው ሸፍኖታል። «እዚያ የብሱ ጋ ያለ ጀልባ ለዓይን አይታይም» አልኳቸው። «እኛ የምንተኩሰው ከዚያም ወዲያ ነው።»

ጋሽ ታደሰ ደሴቷን ትኩር ብለው አዩ። «እና መምታታችሁን በምን ታውቃላችሁ?» አሉኝ። እኔም ሌላ ነገር አነሳሁ።

ምክንያቱም ማስረሻ አንድ ጊዜ ተኩሷል። ጭጋጋማ ከሰዓት በኋላ ነበር። በራዳሬ መስኮት ላይ አንዲት ነጥብ ታየች፤ በሬዲዮ ብንጠራት አትመልስም፤ ለአማፂዎች መሣሪያ የሚያቀብል ነው ተባለ። አቅጣጫዋንና ርቀቷን አነበብኩ፣ አዛዡ አዘዘ፣ ማስረሻ ቁልፉን ተጫነ። ጀልባዋ ተንቀጠቀጠች፣ ከዚያ ዝም። ትንሽ ቆይቶ ነጥቧ ጠፋች። አጠገቧ ደሴት ነበረች። ሰጠመች ወይስ ከደሴቷ ጀርባ ተጠለለች፣ ሄዶ ያየ የለም። ተመታ ተብሎ ተመዘገበ፤ ማስረሻም ማዕረግ ተጨመረለት።

ቁንዝላ

ቁንዝላ ስንደርስ አሳ አጥማጆች መረባቸውን እያራገፉ ነበር። አንድ ትልቅ አሳ በሃምሳ ሳንቲም ሲሸጡ አይቼ ሁሉ ነገር ውድ ለሆነባት አሰብ አዘንኩላት። የጋሽ ታደሰ ዘመድ አቶ ፈንታ ሦስተኛ ሽማግሌ ሆነው ተቀላቀሉን። የየኔታ አስረስ ቤት ከወደቡ አለፍ ብሎ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ነው። ተማሪዎቻቸው ዛፍ ጥላ ሥር ዜማ ይደግማሉ።

የኔታ ሸምገል ያሉ፣ ቀጭን፣ ዓይናቸው ንቁ ሰው ናቸው። «ተቀመጡ» አሉን።

«ጉዳይ ይዘን ነው የመጣን፤ ሳይሰሙን አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ታደሰ እንደ ወጉ። ቆመን ተነገረ። የኔታ ሰሙና የልጁን ሥራ ጠየቁ።

«የመርከብ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው» አሉ ጋሽ ታደሰ፣ በፋብሪካ ድምፃቸው።

የኔታ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ አብረኸው የምትሠራው ነህ?»

«አዎ፣ የኔታ።»

«እናኑ የነገረችኝ ሌላ ነው። እሳት የሚሰድድ መርከብ ላይ ነው ብላኛለች። ልጁ ለሷ አልዋሸም፣ እሷም ለእኔ አልዋሸችም። እናንተ ምን ሆናችሁ?»

ጋሽ ታደሰ የጣራውን ማገር ማየት ጀመሩ። እኔ አፈርኩ። የማውቀውን ልመስክር ነበር የተላክሁት።

«ገድሏል?» አሉኝ የኔታ።

«አላውቅም።»

«ጓደኛህን አታውቀውም?»

«እሱም አያውቅም፣ የኔታ።»

«ሰክሮ ነበር?»

«አልሰከረም። መሣሪያው ነው እንዲህ የሚያደርገው።» ከዚያ በሐይቁ መርከብ ላይ ለጋሽ ታደሰ ያልኩትን ሁሉ፣ ያላልኩትንም ጨምሬ ነገርኳቸው። ጭጋጉን፣ ነጥቧን፣ ደሴቷን። ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«በውስጧ ስንት ሰው ነበረ?»

«አላውቅም።»

«ክርስቲያን ናቸው እስላም?»

«አላውቅም።»

«ሰው መኖሩንስ?»

«መርከብ ያለ ሰው አይሄድም፣ የኔታ። መርከብ መሆኗን ግን… ነጥብ ነው ያየነው።»

የኔታ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። «ገደልሁ ብሎ የመጣ ቀኖና አለው» አሉ። «አልገደልሁም ያለም በሰላም ይግባ። አላውቅም ብሎ የመጣ ሰው ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።» መቋሚያቸውን መልሰው አቆሙ። «እንደ ገደለ ሰው ይያዝ። ነፍስ አባቱ ዘንድ ሄዶ ንስሐ ይግባ፣ የሰጡትንም ይፈጽም። ብንሳሳትም በጾም በኩል እንሳሳት። ሲጨርስ ይምጣ፤ ቤቴ ክፍት ነው።»

እናኑን ጠሩ። በሩ ጋ ቆመች፤ ከፎቶዋ ይልቅ ኮስተር ያለች ናት። «ሰምተሻል፤ ዓመታት ቢፈጅስ?» አሏት።

«እጠብቃለሁ፣ አባዬ» አለች። ከዚያ እኔን አየችኝ። «ግን ንገረው፤ ለእኔ ሲል ብቻ ከሆነ የሚጾመው፣ ይቅር።»

«በሉ አሁን ተቀመጡ» አሉ የኔታ። ጋሽ ታደሰና አቶ ፈንታ ተቀመጡ። እኔም መደቡ ላይ አረፍ ልል ስል የኔታ እጃቸውን አነሱ።

«ነጥቧን ያየ ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ልጁ አላያትም?»

«እሱ ያለበት ሌላ ክፍል ነው። ቁጥሩን ከእኔ ነው የሰማው።»

«እና በራስህም ጉዳይ ነዋ ሽማግሌ ሆነህ የመጣህ።»

ምንም አልተቆጡም፤ እንደ ሌላው ነገር ሁሉ ነው የተናገሩት። ቁም ያለኝም አልነበረም። ግን መቀመጥ አቃተኝ። እንጀራው ቀረበ፣ ሰዎቹ በሉ፣ እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ ቀረሁ። ቀደም ብዬ አንድም ቀን እንዲህ አላሰብኩም። ተኳሹ ማስረሻ ነው፣ ያዘዘው አዛዡ ነው፣ የመታው ሚሳይሉ ነው። እኔ ቁጥር ነው ያነበብኩት።

ሲሸኙን የኔታ እጄን ይዘው «ስማቸውን ስለማታውቁት በጸሎት መጥራት አትችሉም» አሉኝ። «እግዚአብሔርን፣ አንተ ታውቃቸዋለህ በሉት። ይበቃል።»

መመለሻ

ስንመለስ ሐይቁ ነፋስ ነበረበት። ደቅን ስናልፍ ጋሽ ታደሰ ወደ እኔ ዞሩ። «አሁን ልጅቷን አገኘን ነው የምንል ወይስ አጣን?» አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። «ይኸን ቃልህን እንኳ ተወኝ» አሉ።

አሰብ ስደርስ ማስረሻ ከወደቡ አጥር ውጪ እየጠበቀኝ ነበር። ሁሉንም ነገርኩት፣ የእናኑንም መልእክት። ውሸቱን ማፍረሴን ስነግረው ይቆጣል ብዬ ነበር፤ አልተቆጣም። ወደ ባሕሩ ዞረ።

«ትልቅ ነበረች?» አለኝ።

«ማን?»

«ነጥቧ። እኔ አይቻት አላውቅም እኮ። አንተንም ጠይቄህ አላውቅም።»

«ትንሽ ነበረች» አልኩት።

እሑድ አሰብ ቤተ ክርስቲያን አብረን ሄድን፤ ቤተ ክርስቲያን መሳምን የማይወደው የክፍላችን የፖለቲካ ኃላፊ ቢያየንም ባያየንም ግድ አልሰጠንም። ቄሱ መጀመሪያ ማስረሻን፣ ቀጥሎ እኔን ሰሙ። ግራ ተጋብተው ሁለታችንንም ጠሩን። «ተኩሱ አንድ፣ መርከቡ አንድ፤ ሁለታችሁም ገደልሁ ትላላችሁ። የቱ ነው?» አሉ። ማስረሻ «እኔ ነኝ» አለ። እኔም «እኔ ነኝ» አልኩ። ለሁለታችንም እኩል ቀኖና ሰጡን።

ይህ ጉዞ ያስተማረኝ እንዲህ ነው። ሚሳይል ሥራውን ለብዙ ሰው ከፋፍሎ ያድላል፤ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ድርሻ ትንሽ ስለሆነ አይከብድም። እኔ ድርሻዬን ለማግኘት ከቀይ ባሕር እስከ ጣና ማዶ መሄድ ነበረብኝ። ማስረሻ ጾሙን አላቋረጠም፤ እናኑም ትጠብቃለች። እኔ እዚያው መስኮት ፊት ነኝ፤ አቅጣጫና ርቀት አነብባለሁ። ነጥብ ስትጠፋ እንደ ድሮው «ጠፋች» ብዬ አስመዘግባለሁ። ከዚያ ማንም ሳይሰማኝ፣ አንተ ታውቃቸዋለህ እላለሁ።