ስድስት ኪሎን የመረጥኩበት ክረምት

የስፌት መኪና ዘይት ከአዲስ ጨርቅ ጋር ተቀላቅሎ ሲሸተኝ ዛሬም ልቤ ይርዳል። ባለፈው ሳምንት አንዲት ባለጉዳይ ቢሮዬ ገብታ ስትቀመጥ ያው ሽታ ከልብሷ መጣ። የምትለኝን መስማት አቅቶኝ፣ ውሃ ላምጣልሽ ብዬ ወጣሁ።

ልጅ ሳለሁ ወሎ ሰፈር፣ ከጋራዦቹ ጀርባ፣ አጥር የምትጋራን ልብስ ሰፊ ነበረች። ልጅ አልወለደችም። የደንብ ልብሴን እየሰፋችልኝ «የኔ ልጅ» ትለኝ ነበር።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ባሏ ሞተ። አርባው ሳይወጣ ወንድሞቹ «ሚስቱ አልነበረችም፤ ቤቱ የእኛ ነው» ብለው ከሰሷት። ብቻዋን እንዳትሆን ከትምህርት ቤት ቀርቼ ፍርድ ቤት አብሬያት ሄድኩ። የከሳሾቹ ጠበቃ ብዙ ተናገረ። ከዚያ ዳኛው ወደ እሷ ዞሩ።

«ጠበቃ አለዎት?»

«እግዜር አለኝ፣ ጌታዬ።»

«እሱማ ለሁላችንም አለ። እዚህ ቆሞ የሚናገርልዎት ሰውስ?»

ዘወር ብላ አየችኝ። ሕግ ለመማር የቆረጥኩት ያን ጠዋት ነው።

የማትሪክ ውጤቴ ሲመጣ፣ እንግሊዝ አገር ያለችው አክስቴ እዚያ የሕግ ትምህርት ቤት አገኘችልኝ። አባቴ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነበር፤ በደስታ ሱቁን በቀን ዘግቶ ቤት ገባ። «ተምረሽ ስትመለሺ የትልልቅ ኩባንያ ጠበቃ ትሆኛለሽ!» አለ። እኔ ግን የሰው አገር ሕግ ተምሬ ለልብስ ሰፊዋ በምን ልከራከርላት ነው እያልኩ እብሰለሰል ጀመር። ስነግራት የስፌት መኪናዋን አቆመች።

«ሂጂ፣ የኔ ልጅ። በኔ ጣጣ ዕድልሽን አትግፊ።»

«እትዬ፣ እዚያ የሚያስተምሩት የራሳቸውን ሕግ ነው።»

አንገቴን አቅፋ አለቀሰች።

ስድስት ኪሎን መረጥኩ። አባቴ ክረምቱን ሙሉ አኮረፈኝ። የምዝገባው ቀን ግን ዝናቡ ሲበረታ፣ ሳልጠይቀው መኪናውን አስነስቶ በር ላይ ጠበቀኝ። ስድስት ኪሎ በር ላይ አውርዶኝ ወደ ሱቁ ተመለሰ።

ክሱ ከቀጠሮ ቀጠሮ እየተንከባለለ ይግባኝ ደረሰ። ያኔ ሦስተኛ ዓመት ነበርኩ። ምን መባል እንዳለበት አውቃለሁ፤ የመናገር ፈቃድ ግን የለኝም። ከኋላ ተቀምጬ ሲፈረድባት ሰማሁ። ሳሊተ ምሕረት ሰፈር፣ እህቷ ቤት ልትገባ ዕቃዋን ስንጭን እኔን ታጽናናኝ ነበር። «አታልቅሺ፤ ለሌላዋ ትደርሺላታለሽ» አለችኝ።

ስመረቅ ታማ ተኝታ ነበር። ጋዋኔን እንደለበስኩ በቀጥታ ወደ እሷ ሄድኩ። እህቷ ደግፋ አስቀመጠቻት። ልብሱን በጣቶቿ ዳሰሰችና ፊቷ ተለወጠ።

«ጠርዙ ተተርትሯል እኮ! እንዲህ ሆነሽ ነው ሰው ፊት የቆምሽው? መርፌ አምጪልኝ።»

ክሩን ማስገባት አቃታት፤ እኔ አስገባሁላት። ትንሽ ሰፋችና መርፌው በእጇ እንዳለ እንቅልፍ ወሰዳት። ለፍልሰታ አልደረሰችም።

ጋዋኑ የዩኒቨርሲቲው ነበር። ስፌቷን እንደያዘ መለስኩት።