የአቶ አድማሴ የዘቢብ ወይን

ሙት ወቃሽ አያድርገኝ የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔን ያድርገኝ። የሚቆጨኝ አቶ አድማሴን ሳልወቅስ ብሞት ነው። አምስት ዓመት ሙሉ አንቱ እያልሁ አገልግየዋለሁ፤ አንቱታው ይበቃዋል።

መካነ ሰላም የወረዳው ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር። እኔ ይርገዱ ወጥ እሠራለታለሁ፣ ልብሱን አጥባለሁ። በጎልማሳነቱ አስመራ ከአንድ ጣሊያን መጠጥ ቤት ብርጭቆ ያጥብ ነበር። ለሰው ሲያወራ ግን «የሒሳብ ሹም ነበርሁ» ነው የሚለው። ከዚያ ይዞት የመጣው አንዲት ትንሽ ባለ እግር ብርጭቆና ማንንም የሚንቅ ምላስ ነው። ጠላ ሲያይ ፊቱን ያዞራል፤ ጠጅ የባላገር ነው ይላል። እሱ የሚጠጣው ከምግብ በኋላ ጣፋጭ ወይን፣ ያውም በጠብታ ነው። ብርጭቆውን ወደ ብርሃን ያነሳና ያየዋል፣ ያሸተዋል፣ ከዚያ አፉ ውስጥ እያንከባለለ ዓይኑን ይጨፍናል።

«ይርገዱ፣ ይህን ምላስሽ አያውቀውም» ይለኛል። በዚያ የረሃብ ዓመት ምላሴ የረሳው ቅቤም ነበር፤ እሱን ግን አልጠየቀኝም።

ከደሴ የሚመጣው መኪና ሲጠፋና የጠርሙስ ወይን ሲቀርበት ራሱ መሥራት ጀመረ። ዘቢብ ይዘፈዝፋል፣ ይጨምቃል፣ ጭማቂውን በሰፊ ትሪ ውጭ ያሳድረዋል። የኅዳር ውርጭ በእኛ አገር ቀልድ አያውቅም። ማለዳ ይነሳና ከላይ የረጋውን በረዶ በማንኪያ እየገፈፈ ይደፋል። «ውሃው ወጣ፤ የቀረው ማሩ ነው» ይላል። ከዚያ ማር ጨምሮ በጠርሙስ ይሞላና ሣጥን ውስጥ ይቆልፍበታል። ያ ሰው ለሌላ ሥራ እንዲያ ሲተጋ አይቼው አላውቅም።

ዘመኑ ስድሳ ስድስት ነው። ከከላላ በታች ካለው ቆላ አባቴ ክንፈና እናቴ አሰጋሽ በሬዎቻቸው አልቀው፣ እየተደጋገፉ ወደ እኔ መጡ። የአባቴ እግር አብጦ ነበር። የተከራየኋት ክፍል ውስጥ አስተኛሁት።

«ልጄ» አለኝ፣ «እህል አምጪ ብዬ አላስጨንቅሽም። እኔና እናትሽ ሳንቆርብ እንዳልሞት ብቻ አድርጊልኝ።»

ልጆቻችንን ድረን እንቆርባለን እያሉ ሠላሳ ዓመት ሲያቆዩት ነበር። የነፍስ አባታችን ለእሑድ እሺ አሉ። ጾሙን በተመለከተ አባቴ አልተቸገረም፤ ከጀመረ ሰንብቷል። የጠፋው ዘቢብ ነው። ደሙ የሚዘጋጀው ከዘቢብ ነውና ዘቢብ ከሌለ ቅዳሴ የለም።

አቶ ጀብሪል ሱቅ ሄድሁ። እስላም ቢሆንም የቤተ ክርስቲያኑን ዘቢብ በቆርቆሮ ለብቻው ያስቀምጣል፤ ለሌላ አይሸጥም። ስነግረው ደነገጠ።

«ወላሂ ይርገዱ፣ የዛሬ ሳምንት አንቺው አይደለሽ የወሰድሽው? ለቁርባን ነው ስትይኝ፣ አላህ ይቀበላችሁ ብዬ ሸኘሁሽ!»

እውነቱን ነው። አቶ አድማሴ የቤተ ክርስቲያኑ ጉባኤ አባል ነበርና፣ ለቤተ ክርስቲያን ነው ብለሽ አምጪ ብሎ ልኮኝ፣ በገዛ እጄ አምጥቼ ሰጥቼዋለሁ። ያን ሳምንት አባቴን ሳስታምም ማለዳ ማለዳ ወደ ቤቱ አልገባም ነበር፤ ትሪውን አላየሁም።

እየሮጥሁ ሄድሁ። በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቀ ብርጭቆውን ይዞ ተቀምጧል።

«ጌታዬ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ዘቢብ…»

«ሌላ ይመጣል» አለኝ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። «ይህ ቅዳሜ ከደሴ ለሚመጡት እንግዶች ነው። ረሃቡን ሊያጣሩ ነው የሚመጡት። ባዶ አፋቸውን ይመለሱ?»

«እፍኝ እንኳ አልቀረም? አባቴ እየሞተብኝ ነው። እፍኝ ይበቃል።»

«ፍሬ አልቀረም። አይዞሽ፣ ይልቅ ይህን ቅመሺ» ብሎ ብርጭቆዋን ሞልቶ ዘረጋልኝ።

ፊቱ ላይ ልደፋበት ይገባኝ ነበር። ግን ድርሻዬን ለአባቴና ለእናቴ እየሰጠሁ ሁለት ቀን እህል አልቀመስሁም ነበር። ጠጣሁት። ጣዕሙ እስከ ጉልበቴ ወረደ። እንዲያ ያለ ነገር ቀምሼ አላውቅም፤ ከዚያም ወዲህ አልቀመስሁም። ብርጭቆዋን መልሼ ዘረጋሁና «ይድገሙኝ» አልሁት። ሳቀና ቀዳልኝ።

ቤት ስገባ አባቴን ላቃናው ጎንበስ አልሁ። ዓይኑን ሳይገልጥ «ዘቢብ ሸተተኝ» አለ። «ተገኘ እንዴ?»

ጋቢውን ወደ አንገቱ ሳብሁለት። አዎ ያልሁት መሰለው። «አሰጋሽ፣ ተገኘ እኮ» አላት እናቴን።

ቅዳሜ ጠዋት ሞተ። እኛ ቀብረን ስንመለስ የደሴዎቹ እንግዶች ደርሰው አቶ አድማሴ በረንዳ ላይ እየጠጡ ነበር። አመስግነው ሄዱ። ችግሩ ያን ያህል አይደለም ብለው ጻፉ ተባለ።

እናቴ ግን ተጽናናች። «ክንፈን መልአክ ሳያቆርበው አልሄደም፤ የዘቢቡ ሽታ እኮ መጣለት» እያለች ለለቀስተኛው ሁሉ ትናገራለች። እኔም ተውኋት። ከዚያ ዓመት የተረፋት እሱ ብቻ ነበር።

በስድሳ ሰባት ዘማች ተማሪዎች መጡና በዝባዦችን አጋልጡ ብለው ሕዝቡን ትምህርት ቤቱ ግቢ ሰበሰቡት። አቶ አድማሴ ካኪ ለብሶ ፊት ተቀምጧል፤ «ኢትዮጵያ ትቅደም» ሲባል ከሁሉ በላይ ይጮሃል። ሰው እየተነሳ ጉቦውን ዘረዘረበት። እኔም ተነሳሁ።

«የአባቴን ቁርባን ጠጥቶታል» አልሁ። ከዘቢቡ እስከ እንግዶቹ ተናገርሁ። አቶ ጀብሪል ቆሞ መሰከረልኝ። ሰዉ አጉረመረመ፤ ያ ሰውዬ አንገቱን ሲደፋ በማየቴ ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። «እውነት ነው» አለ። «ግን ብቻዬን አልጠጣሁትም። ይቺም ጠጥታለች። አባቷ ከመሞቱ በፊት፣ እዚያው በረንዳዬ ላይ። ሁለተኛውን ራሷ ለምናኝ ነው የቀዳሁላት።»

ግቢው በሳቅ ሞላ። ስብሰባውን የሚመራው ተማሪም ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት «ጉዳዩ የሃይማኖት ነው፤ ተቀመጪ» አለኝ። ውሸታም ልለው አፌን ከፈትሁ። ያ ሰው በሕይወቱ አንድ ጊዜ እውነት ቢናገር ያን ቀን ነው።

እናቴ አጠገቤ ነበረች። አልሳቀችም።

«ያን ቀን? ሽታው…» አለችኝ።

«አዎ፣ እማዬ።»

ለአባቴ ተዝካር በየዓመቱ ታወጣለች። ስለ መልአኩ ግን ከዚያ ወዲህ ለማንም ተናግራ አታውቅም።