ቁልፉ ሚስማር ላይ ሲሰቀል

«አንቺ ከሦስት ቀን በላይ አትቆዪም።»

ጋሽ ቶሎሳ ይህን ያሉኝ ገና ስሜን እንኳ ሳይጠይቁኝ ነው። ላምበረት፣ ከመናኸሪያው ትንሽ ወረድ ብሎ ያለው ጎሚስታ ቤታቸው በር ላይ ቆሜ ነበር።

«እኔም ያሰብኩት ሁለት ቀን ነው» አልኳቸው።

ሳቁና ቱታ ወረወሩልኝ። ሁለቴ አጥፌ ለበስኩት።

የቀለድኩ መስሏቸዋል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከጨረስኩ በኋላ ካፌ ሠርቻለሁ፣ ጫማ ሸጫለሁ፣ መሪ ሰፈር ኮንዶሚኒየም ደረጃ አጥቤአለሁ። ከሁሉም የወጣሁት ተጣልቼ ነው። አሠሪዬ ዛሬ ካመሰገነችኝ ነፍሴን እሰጣታለሁ። ነገ ሰላም ሳትለኝ ካለፈች ጠላቴ ናት። እሷ ሳታባርረኝ እኔ ጥያት እወጣለሁ። ይሄ ነገር ስም እንዳለው አላውቅም ነበር፤ በቃ ኃይለኛ ነኝ ብዬ ነው የማስበው።

በጋሽ ቶሎሳ ቤት ሥራው ደረጃ አለው። መጀመሪያ ንፋስ ትሞያለሽ። ከዚያ ጎማ ትፈቻለሽ፤ ክሪክ ትተክያለሽ፣ ጎማውን ከቸርኬው ታላቅቂያለሽ። ከዚያ ከመነዳሪውን፣ የውስጡን ላስቲክ፣ ነፍተሽ ውኃ ውስጥ ትነክሪና አረፋ የሚያወጣበትን ቦታ ፈልገሽ ትለጥፊያለሽ። የመጨረሻው ደረጃ አሳሪ መሆን ነው። ጎማውን መልሶ የሚያስር፣ ለሰው ነፍስ የሚጠየቅ እሱ ነው።

አሳሪው ሙሌ ነበር። ከእኔ በአምስት ዓመት ቢበልጥ ነው፤ አፉ ግን ከእጁ ይፈጥናል። የቤቱን ሕግ ያስተማረኝ እሱ ነው። መስቀለኛው ቁልፍ መሬት ላይ ከሆነ ብሎኑ ገና አልጠበቀም። ግድግዳው ላይ ካለው ሚስማር ከተሰቀለ ግን ጠብቋል፣ መኪናው መሄድ ይችላል። ኮምፕሬሰሩ እየጮኸ ማን ማንን ይሰማል? ሁሉም የሚያየው ሚስማሩን ነው።

ደንበኛ አስቸግሮኝ አያውቅም፤ እኔ ነኝ ያስቸገርኳቸው። አንድ የአይሱዙ ሹፌር አየኝና «ወንድ የለም እንዴ?» አለ።

«አለ፤ ምሳ ላይ ነው። የምትፈልገው ወንድ ነው ወይስ ጎማ?»

እስከ ዛሬ እኔ ጋ ካልሆነ ጎማ አያሠራም።

ሁለቱ ቀን አምስት ወር ሆነ። በአምስተኛው ወር ግን ቤት ውስጥ አንድ መጥፎ ሳምንት መጣብኝ፤ ስልኬን ከግድግዳ ጋር አጋጨሁ፣ ሁለት ቀን ሳልበላ ተኛሁ። እናቴ እጄን ይዛ ሐኪም ጋ ወሰደችኝ። ዶክተሯ ብዙ ጠየቀችኝ፣ ሌላ ቀን ደግማ ጠየቀችኝ። በመጨረሻ «ቦርደርላይን ፐርሰናሊቲ ዲስኦርደር» አለችኝ።

«በአማርኛስ?»

«ስሜትሽ ቶሎ ይነሳል፣ በጣም ይከፋል፣ ለመብረድም ጊዜ ይፈጅበታል። ሰው ትቶኝ ይሄዳል የሚለው ፍርሃት ደግሞ ያሠቃይሻል።»

«ማን ነገረዎት?» አልኳት። የምሬን ነበር። እሷ ሳቀች።

«ይድናል?»

«ይሻላል። ብዙ ሰው ተሽሎታል። ግን እንደ ክኒን ውጠሽው የሚያልፍ አይደለም፤ ንግግርና ልምምድ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ትመጫለሽ።»

ታክሲ ውስጥ በተሰነጠቀው ስልኬ ስለ በሽታው ፈለግሁ። የዶክተሯን «ይሻላል» ሳይሆን እንደ እኔ ካሉ ሰዎች ራቁ የሚል ምክር ነው ያገኘሁት። እያነበብኩ መውረጃዬን አለፍኩ።

በማግስቱ ለጋሽ ቶሎሳ ነገርኳቸው። ከሚያባርሩኝ ቀድሜ ልውጣ ብዬ ቦርሳዬን አላስቀመጥኩም።

«ስሙ ረጅም ነው» አሉ። «ተላላፊ ነው?»

«አይደለም።»

«ጎማ ማንሳት ይከለክላል?»

«አይከለክልም።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

«ሐሙስ ከሰዓት ፈቃድ እፈልጋለሁ።»

ፊታቸው የጠቆረው ይሄኔ ነው። «ሐሙስ? ሐሙስ እኮ ከባድ መኪና የሚበዛበት ቀን ነው! ረቡዕ አይሆንም?»

የዶክተሯ የመጀመሪያ ልምምድ ቀላል ነበር። ጥለሽ ልትሄጂ ስትነሺ መሄድሽን ተናገሪ፤ የምትመለሺበትንም ሰዓት ተናገሪ። ለዚህ ነው ሥራ አስፈቅጄ የምመጣው ብዬ በሆዴ ሳቅሁ።

ሙሌ መኪና ለቃቂ ሆኖ እኔ በእሱ ቦታ አሳሪ በሆንኩ በሦስተኛው ሳምንት ታዴ የሚባል ደንበኛችን ሚኒባሱን ይዞ መጣ። ወደ እንጦጦ ጋራ፣ ጠበል የሚሄዱ እናቶችን ሊጭን ነው። ከመነዳሪውን ለጠፍኩ፣ ጎማውን ሰቀልኩ፣ አምስቱን ብሎኖች በእጄ አስያዝኩ። ክሪኩን አወረድኩ። የቀረኝ በቁልፍ ማጥበቅ ብቻ ነው።

ታዴ ፍጠኚ ብሎ ነዘነዘኝ። ሙሌ ከወዲያ «ቀስ በል፣ ሐሙስ ሐሙስ ሐኪም የምትታይ ልጅ ናት» አለው። ሁለቱም ሳቁ።

ጆሮዬ ጋለ። ሙሌን ወንድሜ ነው ብዬ ነበር የነገርኩት። አልጮህኩም። ይሄን ሥራ በሥርዓት ነው የምለቀው ብዬ ቁልፉን በጨርቅ ጠረግኩና ሚስማሩ ላይ ሰቀልኩት። ቦርሳዬን አንስቼ ቃል ሳልተነፍስ ወጣሁ።

ሽቅብ ወደ እንጦጦ ጋራ ሄድኩ። ስናደድ ዳገት እወዳለሁ። የሙሌን ቁጥር አጠፋሁ። ባሕር ዛፎቹ መሀል ቁጭ ብዬ የምሰድበውን ስድብ ስመርጥ ጣቶቼን አየኋቸው። ብሎን እንደያዙ ይዞራሉ። አምስቱም በጣት ብቻ ነው የተያዙት። ቁልፉ ደግሞ ሚስማሩ ላይ ነው።

ለእኔ ሥራ ለቀቅኩ ማለት ነበር። ለሙሌ ግን መኪናው ይሂድ ማለት ነው።

ጥዬው ከወጣሁበት ቦታ ተመልሼ አላውቅም። ጋሽ ቶሎሳ ጋ ደወልኩ፤ በዚያ ኮምፕሬሰር መሀል ማን ያነሳል! ታዴ ሰው ጭኖ በዚሁ መንገድ ነው የሚወጣው። እየሮጥኩ አስፋልቱ ላይ ወረድኩ። ሚኒባሱ ዳገቱን እያቃሰተ ብቅ ሲል መሀል መንገድ ገብቼ እጄን ዘረጋሁ።

ታዴ ፍሬን ይዞ አንገቱን አወጣ። «አብደሻል እንዴ?»

«አዎ፣ ወረቀትም አለኝ! አሁን ውረድና ጎማህን እየው።»

ሁለቱ ብሎኖች በጣት ይዞራሉ። አንደኛው ሊወድቅ ጫፉ ላይ ደርሷል። ታዴ ሮጦ ከመኪናው ቁልፍ አመጣ። በራሱ ቁልፍ አምስቱንም ከዳር ዳር እያቀያየርኩ አጠበቅኩ፣ ደግሜም ሞከርኳቸው። አንዲት እናት በመስኮት «የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ።

«የጎሚስታው» አልኩ። ሳስበው ገርሞኝ ቁልቁለቱን ብቻዬን እየሳቅኩ ወረድኩ።

ጋሽ ቶሎሳ ፊት ቆሜ «ሳላጠብቅ ሰቅዬው ነው የወጣሁት» አልኩ።

ሙሌ «እኔም ብሎኑን ሳልነካ ለቀቅኩት» አለ። ወደ እኔ ዞረና «ደግሞ አፌን መዝጋት ነበረብኝ» አለኝ። አንገቱን ደፍቶ ነበር። ፊቱ ላይ ጠላቴን ፈለግሁ፣ አጣሁት። ሙሌ ብቻ ነው የቆመው።

«ሁለታችሁም ጥፋተኞች ናችሁ» አሉ ጋሽ ቶሎሳ። «ሙሌ፣ ከዛሬ ጀምሮ እየነካህ ነው የምትለቀው። አንቺ አንድ ወር ንፋስ ሙይ።»

«አላባረሩኝም?»

«ሐሙስ የለሽም፣ በዚያ ላይ ላባርርሽ?»

ከደረጃ ወርዶም ሥራ ላይ መቅረት እንደሚቻል ያን ቀን ነው ያወቅኩት። ንፋስ እየሞላች ያለቀሰች፣ እያለቀሰች የዘፈነች ጎሚስታ ከፈለጋችሁ እኔ ነኝ። በወሩ ቁልፉን መለሱልኝ።

ይሄ ሁሉ ከሆነ ሁለት ዓመት አለፈው። አሁንም ጆሮዬ የሚግልበት ቀን አለ፤ ግን ድሮ ሳምንት የሚፈጅብኝ አንዳንዴ እስከ ምሳ ይበርዳል። ዶክተሯ ይሄ ነው መሻል ትላለች። እኔም እያየሁት ነው።

አዲስ ለምትገቡ የምለው አንድ ነገር ነው። ቁልፍ የሚሰቀለው ብሎኑ ከጠበቀ በኋላ ነው። ሳትጨርሱ የምትሄዱ ከሆነ ለሰው በእጁ ስጡት፣ የቀረውንም ንገሩት።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ከደሴ የገባ የጭነት መኪና ጎማ እያሰርኩ ሰዓቱ ደረሰ።

«ሙሌ፣ ሦስቱን አጥብቄአለሁ። አምስት ይቀርሃል» አልኩና ቁልፉን እጁ ላይ አስቀመጥኩ።

«ጋሼ፣ ሐኪም ጋ ሄድኩ። አሥር ሰዓት ላይ እመለሳለሁ።»

«ረቡዕ ቢሆን ምን አለበት!» አሉ፣ ከመነዳሪ ውኃ ውስጥ እየነከሩ።

ቱታዬን አውልቄ ቦርሳዬን አነሳሁና ወጣሁ።