የታይፒስቱ ረዳት

አስመራ አክስቴ ዘንድ ተቀምጬ ታይፕ መምታት ተምሬ ወደ ጎንደር በተመለስኩ ሰሞን፣ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በሩ ላይ ማስታወቂያ ለጠፈ። ታይፒስት ይፈልጋል። የሚቀጠረው ሰው ብዙ ዘመን ያገለገለ፣ ጠባዩ የተመሰገነ፣ ቁመናው ያማረ፣ እንግሊዝኛ የሚያውቅና ከጨዋ ቤተ ሰብ የተወለደ እንዲሆን ያዛል። ታይፕ ይችል እንደሆን የሚጠይቅ ቃል ግን አልነበረበትም። የጽሕፈት መኪናውም ገና ከሣጥኑ አልወጣም።

አባቴ የድጓ መምህር ነበሩ። ማስታወቂያው የሚለውን ስነግራቸው፣ “ልጄ፣ ይኸ ሁሉ ለጵጵስናም አይጠየቅ” አሉኝ። ቢሆንም ሄድኩ።

የመሥሪያ ቤቱ ሹም ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ።

“የማን ልጅ ነሽ?”

ነገርኩት።

“ዋስ አለሽ?”

“አለኝ።”

“ነገ ባል ስታገቢስ ሥራው ለማን ሊሆን ነው?”

“ጌታዬ፣ ምነው መኪናውን አውጥተው ቢፈትኑኝ?”

“እሱ ይደረስበታል” አለና አሰናበተኝ።

የተቀጠረው የሚስቱ ወንድም ነው። ብዙም ሳይቆይ ሹሙ በዘበኛ አስጠራኝ።

“ታይፒስታችን ረዳት ያስፈልገዋል።”

“ምኑን ልርዳው?”

“መምታቱን።”

“እሱሳ?”

“ይቆጣጠርሻል።”

ሌላ ሥራ አልነበረኝምና ገባሁ። ታይፒስቱ ከኋላዬ ቆሞ ጥርሱን እየፋቀ “ሸጋ ነው፣ ቀጥይ” ይለኛል። በዚህ ትጋቱም ባመቱ አዘዞ ላይ ሹመት ተሰጠው።

ቦታው ለኔ ይሆናል ብዬ ስጠብቅ፣ ሹሙ ያንኑ ማስታወቂያ እንደገና ሊለጥፍ እንድመታለት አዘዘኝ። ያን ጊዜ ትዕግሥቴ አለቀ። ሌላውን ሁሉ ትቼ፣ “ታይፕ የሚችል ሰው መጥቶ ይምታና ይታይ” ብዬ መትቼ ሰጠሁት።

አንብቦ ደነገጠ። “ይኸማ ክብር የለውም! በዚህ ማን ይመጣል?”

“የሚችል።”

“የማይችለውስ ምን ይሁን?” አለኝ፤ የምሩን ነበር፣ ፊቱ ላይ ኀዘን ይታያል።

በማግሥቱ ለቅቄ ወጣሁ።

ከሳንጃ ሰሊጥ የሚያስመጡ ሽማግሌ ነጋዴ ታይፕ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋሉ ሲባል ሰምቼ ሱቃቸው ሄድኩ። “አያ፣ ለሥራው ነው የመጣሁ” ስላቸው፣ የማን ልጅ እንደሆንኩ እንኳ አልጠየቁኝም። ከጆንያዎቹ መኻል ወደተቀመጠው መኪና በከዘራቸው እያመለከቱ፣ “በይ እስቲ፣ ምቺልኝ” አሉ።

መታሁላቸው። ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ ጠጋ አድርገው አዩና ሰሊጥ የሞላ ጆንያ እየገፉልኝ፣ “ወንበር እስኪገዛ እዚህ ላይ ተቀመጪ” አሉኝ።