ሦስተኛው ክፍል ጀውሃ ነበር

የድሮ የኪስ መጻሕፍትና መጽሔቶች መሰብሰብ የጀመርኩት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ እንደሆነ ለሰው እናገራለሁ። እውነቱ ግን ከዚያ ይቀድማል። ሸዋ ሮቢት በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆኜ ስሠራ ከመሳቢያዬ የወንጀል ልብወለድ ጠፍቶ አያውቅም። በምሳ ሰዓት ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ወደ ቤቱ ሲያስገባ እኔ እዚያው ተቀምጬ አነብ ነበር። አለቃዬ ሲመጣ መሳቢያውን በጉልበቴ ገፍቼ እዘጋዋለሁ።

በዚያ ዘመን አንድ የምርመራ ታሪክ በስድስት ክፍል ወጣ። በቀጫጭን ጥራዝ እየታተመ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ይመጣል፤ ሥጋ ቤቱ አጠገብ ያለች ሱቅ ትሸጠዋለች። አንደኛውንና ሁለተኛውን ገዛሁ። ሁለተኛው ክፍል የሚያልቀው መርማሪው ከባቡር ሐዲድ አጠገብ ወዳለ ጨለማ ቤት ገብቶ በሩ ከኋላው ሲዘጋ ነው። ሦስተኛው በመጣ ሰሞን ወባ ጥሎኝ ተኛሁ። ስነሳ ተሽጦ አልቋል። አራተኛውን ገዛሁ፤ መርማሪው ሆስፒታል ተኝቶ ክንዱ በጀሶ ታስሯል። በዚያ ቤት ውስጥ ምን እንደደረሰበት ማንም አይናገርም፤ ሁሉም እንደሚያውቅ ሰው ያልፈዋል። አምስተኛውንና ስድስተኛውንም ገዛሁ። ታሪኩን እስከ ገዳዩ ድረስ አውቃለሁ፤ ያቺን አንዲት ሌሊት ግን አላውቃትም።

አርባ ዓመት ሊሆነኝ ነው ስፈልጋት። ደብረ ብርሃን የድሮ መጻሕፍት ዐውደ ርእይ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። ማጀቴ ገበያ ላይ በርበሬ ሊጠቀለልበት የተዘጋጀ የመጽሔት ክምር ከነጋዴ ፊት አንስቼ ቅጠል በቅጠል አገላብጫለሁ። ሌላ ብዙ ነገር አገኘሁ። ሦስተኛው ክፍል ግን የለም።

ያገኘሁትን ሁሉ አስጠርዛለሁ። ይህ የመሥሪያ ቤት ልማድ ነው። እኛ ዘንድ ወረቀት ካልተጠረዘ እንደጠፋ ይቆጠራል። ሽፋኑን እቆርጥና እጥለዋለሁ፤ ሽጉጥ የያዘ ሰው ወይም ደረቷ የተገለጠ ሴት ያለበት ሥዕል ስለሆነ እንግዳ ፊት አያኮራም። ከዚያ ሦስት አራቱን አንድ ላይ አድርጎ በጥቁር ካርቶን የሚሰፋልኝ የመዝገብ ቤት ጠራዥ ነበር። ጀርባው ላይ በነጭ ቀለም ቁጥር እጽፋለሁ። በየመደርደሪያው የኒም ቅጠል እበትናለሁ፤ ለምስጥ ነው። በከተማችን እንደኔ የሚሰበስብ ሰው አልነበረም። ይህን ሳስብ ደስ ይለኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት መንገዱ ሰላም በሆነበት ወቅት ከአዲስ አበባ የመጡ ሰብሳቢዎች ከንባብ ክበቡ ጋር ሆነው በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ዐውደ ርእይ አዘጋጁ። ያለው ያለውን ይዞ እንዲመጣ ተለጠፈ። እኔ በሁለት ባጃጅ አስጭኜ ቀድሜ ደረስኩና ጥራዞቼን በቁጥራቸው ደረደርኩ።

መነጽሩን በክር ያንጠለጠለ አንድ ጎልማሳ ሰብሳቢ መጣና አንዱን ገለጠ፣ ሁለተኛውን ገለጠ።

«እማማ፣ ሽፋኑስ?»

«የቱ ሽፋን?»

«የዚህ ሁሉ።»

«ተጠርዟል እኮ።»

«እሱማ ይታያል» አለና ጥራዙን ቀስ አድርጎ መለሰው። «ጥሩ ነው። ለማንበብ ጥሩ ነው።»

መልክ የጎደላትን ሙሽራ «ጨዋ ናት» እንደሚሉት ነው ያለኝ። ሰብሳቢዎች ከምንም በላይ ሽፋን እንደሚፈልጉ ያን ቀን ገባኝ። 

ረፋዱ ላይ በር አካባቢ ሳቅ ተሰማ። አንዲት በዕድሜ እኔን የምታህል ሴት ጉፍታዋን ወደኋላ ጥላ ከባጃጅ ላይ የብረት በርሜል ታስወርዳለች።

«ቀስ! ናፍታ አይደለም፣ ጽሕፈት ነው!» ትላለች ባለባጃጁን። «ከነዚህ ሁሉ አንዱ ካንተ ይበልጣል።»

ጀውሃ መንገድ ዳር ለብዙ ዓመት ምግብ ቤት የነበራት ሴት መሆኗን ሰው ነገረኝ። በርሜሉን ከፍታ መጻሕፍቱን መሬት ላይ በሸራ ዘረጋቻቸው፤ ቁጥርም ተራም የላቸውም። ሽፋናቸው ግን አለ። ቀዩ ቀይ ነው፣ ቢጫው ቢጫ ነው። የሻይ ብርጭቆ ክብ ካረፈባቸው በቀር ትናንት የታተሙ ይመስላሉ። ባለመነጽሩ ሰብሳቢ በርከክ አለ። ሌሎቹም ተከተሉት። እኔ ጠረጴዛ ፊት የቀረው የንባብ ክበቡ ሊቀመንበር ብቻ ነበር፤ እሱም አንገቱን ወደዚያ አዙሯል።

«ኑ ልጆቼ፣ ሻይ የለም እንጂ ሌላው ሁሉ አለ!» ትላለች።

ላለመሄድ ጥቂት ታገስኩ። ከዚያ ሄድኩ። ሸራው ጫፍ ላይ ሦስተኛው ክፍል ተቀምጧል። ሽፋኑ ላይ የተዘጋ በርና የባቡር ሐዲድ ተስሏል። ጎንበስ ብዬ አነሳሁት።

«ይሄን ከየት አገኙት?» አልኳት።

«ሹፌሮች ናቸዋ! ሲበሉ ያነባሉ፣ ሲጨርሱ ትተውት ይሄዳሉ። እኔ ደግሞ የሰው ንብረት አልጥልም። በርሜል ውስጥ ወርወር።»

«አንብበውታል?»

«ማን፣ እኔ? በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሬያለሁ፤ ንባቡ ግን አይገፋልኝም። ሥዕሉን አያለሁ፣ እከድነዋለሁ።»

እኔ ገበያ ለገበያ ስዞር፣ ከቤቴ የአንድ ሰዓት መንገድ በማይሞላ ቦታ፣ በማታነብ ሴት በርሜል ውስጥ ነበር። ሳትፈልገው መጣላት። ሳትደክምበት ቆየላት። ሰው በሰው ገንዘብ ይቀናል ሲሉ እሰማለሁ፤ እኔ በገንዘብ ቀንቼ አላውቅም። በዚያች ሴት ግን ቀናሁ።

ልለምናት አፌን ስከፍት ባለመነጽሩ ሰብሳቢ ቀደመኝ። ሊገዛው ፈልጓል። ከእጄ ተቀብሎ የመጨረሻውን ገጽ ገለጠና ወደኔ አዞረው።

«እማማ፣ እርስዎ ያውቃሉ። ይሄ የመጀመሪያው እትም ነው?»

የመጀመሪያው ነበር። የፊደሉን አጣጣል፣ የወረቀቱን ሻካራነት አውቀዋለሁ፤ ከኔዎቹ ጋር አንድ ነው።

«አይደለም» አልኩት። «በኋላ በድጋሚ የታተመ ነው።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ሌሎቹ ክፍሎች እኔ ዘንድ አሉ።»

አመነኝ። መጽሐፉን አስቀመጠና ሌሎች ሁለት ገዝቶ ሄደ። በሕይወቴ እንዲህ በቀላሉ የታመነልኝ ውሸት አልነበረም። ጥቂት ቆየሁና፣ «እንግዲህ እሱ ካልፈለገው ለኔ ይስጡኝ። ከሌሎቹ ጋር አስጠርዘዋለሁ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ።

«የኔ እህት፣ ይሄ መጽሐፍ ቤቴ ሲገባ የበኩር ልጄ ጡት አልጣለም ነበር። አሁን ልጅ ድሯል። በኋላ የታተመ ነው ያልሽው ከመቼ በኋላ ነው?»

 ጆሮዬ ጋለ።

«አይዞሽ፣ ውሸትሽን ወድጄዋለሁ። እኔ እንግዳ ሲለምነኝ እምቢ ማለት አይሆንልኝም፤ የምግብ ቤት አመል ነው። ይሄን ግን ልሸጠው አልፈለግሁም። አንቺ ገላገልሽኝ። አላህ ይስጥሽ።»

«ታዲያ ለኔ…»

«ላንቺማ እምቢ ማለት ይሆንልኛል!» ብላ ሳቀች። በአጠገባችን ያለፈው ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። «ከቤት አይወጣም። ማንበብ ከፈለግሽ ሐሙስ ጀውሃ ነይ። ጮክ ብለሽ ነው ታዲያ የምታነቢው።»

ላልሄድ ወስኜ ነበር። ሐሙስ ጠዋት ሚኒባስ ላይ ራሴን አገኘሁት።

ምግብ ቤቱን አሁን የያዘችው ሴት ልጇ ናት። እናትየዋ ከኋላ ባለው ክፍል ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ የማሾ እህል ትለቅማለች። ፊት ለፊት ከባድ መኪኖች ሲቆሙ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። መጽሐፉን ሰጠችኝና ማሾውን ገፋ አደረገችው።

ለምን እንዳልሸጠችው የነገረችኝ ያኔ ነው። ከአሰብ መስመር አንድ ሹፌር ነበር፤ ምሳውን ሲበላ ያነበበውን ይተርክላታል። አንደኛውን፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን ክፍል ነገራት። «አራተኛውን በሚቀጥለው ጉዞ» ብሏት ሄደ። መስመር ቀየረ። ተመልሶ አልመጣም።

«ሞኝ ነኝ» አለች፣ «ሲመጣ ከቆምንበት እንዲቀጥል ብዬ ነው ያስቀመጥኩለት።»

ማንበብ ጀመርኩ። ጮክ ብዬ አንብቤ አላውቅም፤ ድምፄ ለራሴ እንግዳ ሆነብኝ። እሷ ደግሞ ዝም ብላ አትሰማም። «እዚህ ጋ እሱ ጠረጴዛውን ይመታ ነበር» ትለኛለች። «ቆይ፣ ሴትዮዋን በቀጭን ድምፅ ነው፤ እንዳንቺ አይደለም።» አንድ ታሪክ ሁለት ጊዜ እንደተሰጣት ታየኝ፤ አንድ ጊዜ በሰው አንደበት፣ አንድ ጊዜ በኔ። ለእኔ ማንም ተርኮልኝ አያውቅም። መሳቢያ ውስጥ ነው ያነበብኩት።

ከዚያ ያቺ ሌሊት ደረሰች። አርባ ዓመት ሙሉ በዚያ ቤት ውስጥ ጥይት ተተኩሷል ብዬ ነበር። አንዳንድ ጊዜ የተኮሰችው ሴትየዋ ናት፣ አንዳንድ ጊዜ ወንድሟ ነው። ገጹን ገለጥኩ። መርማሪው በጨለማ ሲዳብስ የደረጃውን ጫፍ ስቶ ወደቀ። ክንዱ ተሰበረ። ቤቱ ባዶ ነበር።

ንባቤን አቆምኩ።

«ከደረጃ ወድቆ ነው» አልኳት።

«ሹፌሩም እንዲሁ ነው ያለኝ!» ብላ ጭኗን መታች። «አላመንኩትም ነበር እኮ! ወላሂ፣ አሳጥሮ ሊሄድ ነው ብዬ ሰድቤዋለሁ!»

እሷ ስትስቅ እኔ አልሳቅሁም። እኔ የለፋሁበትን ነገር እሷ ያኔ በወጥ መሃል ሰምታ፣ ተሳድባበት፣ ወደ ድስቷ ተመልሳለች። መጽሐፉን ከድኜ ምንጣፉ ላይ አስቀመጥኩት።

«ቀጥሎስ?» አለችኝ።

«ቀጥሎ አራተኛው ክፍል ነው።»

«አለሽ አይደል?»

«አለኝ።»

«አምጪልኛ።»

«ከቤት አይወጣም» አልኳት።

ዓይኗን አጥብባ ጥቂት አየችኝ። ይኼን ጊዜ ትቆጣለች ብዬ ነጠላዬን ሰበሰብኩ።

«እስቲ ይቺን ዝምተኛ እዩልኝ!» ብላ ልጇን ጮክ ብላ ጠራች። «ሐሙስ እኔ የለሁም። ሸዋ ሮቢት ተጠርቻለሁ።»

መጣች። ከሐሙስ ሐሙስ መምጣቷን አላቋረጠችም። ወንበር እሰጣታለሁ፣ እሷ ግን ከመደርደሪያው ሥር ምንጣፍ ላይ ነው የምትቀመጠው። አራተኛውን ክፍል ሳነብ መርማሪው ከሆስፒታል በመስኮት ሲወጣ የጉፍታዋን ጫፍ ነክሳ ያዘች። ነርሷ ስትዋሽ «ውሸታም!» አለቻት፤ ከዚያ ወደኔ አይታ ፈገግ አለች። እኔ ያን ገጽ ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አላውቅም። ቃሉ ከመምጣቱ በፊት አውቀዋለሁ። እሷ የሚቀጥለውን መስመር አታውቀውም፤ ፊቷ ላይ ይታያል። እንዲህ ያለ ፊት የኔም እንደነበር አስባለሁ፤ ያየልኝ ግን የለም።

አምስተኛውን በሁለት ሐሙስ ልንጨርሰው እንችል ነበር። እኔ ግን በየምዕራፉ መሃል ጉሮሮዬ ደረቀ እያልኩ ወደ አራት ሐሙስ ወሰድኩት። አሁን የቀረው ስድስተኛው ብቻ ነው። ባለፈው ጊዜ ስትሄድ በር ላይ ቆማ ጫማዋን አጠለቀችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ።

«ገዳዩ ሐኪሙ ነው፣ አይደል? እሱን አንድ ነገር ብቻ በይኝና ልተኛበት።»

ሐኪሙ አይደለም።

«ሊሆን ይችላል» አልኳት።