የማይንጠባጠብ ቆጮ

ባለፈው ሳምንት በጎረቤቴ ደጃፍ ሳልፍ አዲስ የተፈታ ቆጮ ሸተተኝ። ያላደገበት ሰው አፍንጫውን የሚይዝለት ያ ኮምጣጣ ሽታ በደርግ ጊዜ ወደነበረው የሆሳዕና መናኸሪያ ይዞኝ ሄደ፤ አዲስ አበባ ላሉ ዘመዶች የሚላከው ቆጮ በእርጥብ የእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ሲደረደር፣ ውሃው በመስኮቶቹ ላይ ሲወርድ፣ መስኮት አጠገብ የተቀመጠው መንገደኛ ሁሉ ሲያማርር።

እኔ ያን ጊዜ ትልቅ ልጅ ሆኜ ገና በመሠረተ ትምህርት ፊደል የምቆጥር ነበርኩ። ታናሽ ወንድሜ ኤርሚያስ ግን ትምህርቱን ትቶ ውሎው መናኸሪያ ሆኖ ነበር። እዚያ ዓይኑ የማይለያቸው ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው አጎታችን ጋሼ ላምቦሬ ነው፤ ጣሪያ ላይ ዕቃ የሚጭን፣ ሱሪው ጉልበቱ ላይ የተጣፈ፣ ገመድ ሲያስር መዝሙር የሚያንጎራጉር ዝምተኛ ሰው። ሁለተኛው ሽፈራው የሚባል ትኬት አሻሻጭ ነበር፤ ቤልቦተም ሱሪ፣ ጎፈሬ፣ ጥቁር መነጽር። በትክክል ለመናገር መነጽሩ ቡናማ ነበር፤ ወንድሜ ግን ጥቁር ነው ብሎ እስከ ዛሬ ይሟገተኛል። ኤርሚያስ አረማመዱን እንኳ ከሽፈራው ቀድቶ፣ እናታችን "የልጄን ትከሻ ምን ነካብኝ?" እስክትል ድረስ ትከሻውን እየሰበቀ ይሄድ ነበር።

ሽፈራው በድብቅ ቡና ወደ አዲስ አበባ ይልካል። ያለፈቃድ ቡና ይዞ ኬላ ላይ መገኘት ያን ጊዜ ያሳስራል። አንድ ጠዋት ቡናውን ቆጮ አስመስሎ ጠቀለለና፣ አዲስ አበባን ታያለህ ብሎ ኤርሚያስን አሸከመው። ወንድሜ ውስጡ ምን እንዳለ ያውቃል። እኔና እናቴም ለአክስቴ ቆጮ ልንልክ ሰልፍ ላይ ነበርን፤ ሲያየን ፊቱን አዞረ።

ሽፈራው ግን ቆጮ ሲበላ እንጂ ሲጠቀለል አይቶ አያውቅም ኖሯል። የጠቀለለበት ቅጠል ደረቅ ነበር።

"ኧረ ይሄ ቆጮ ምነው አይንጠባጠብ?" አለች ከፎንቆ የመጣች ሴት።

"ጾም ይዞ ይሆናላ!" አለች ሌላዋ። "የማን ሚስት ናት የጠቀለለችው? ባሏ አሳዘነኝ!"

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁን የሰማ አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን እንዳነገተ መጣና ጥቅሉን በእግሩ ገፋ አደረገው፤ ቡናው ሲንሿሿ ሁላችንም ሰማን።

"የማነው ይሄ?"

"የልጁ ነው" አለ ሽፈራው፣ መነጽሩን እንኳ ሳያወልቅ። "እኔ አላውቀውም።"

ይሄኔ ጋሼ ላምቦሬ ከጣሪያው በመሰላል ቀስ ብሎ ወረደ።

"የቤታችን ዕቃ ነው፤ ተጠያቂው እኔ ነኝ" አለ። ወደ ቀበሌ ወሰዱት።

ከሰዓት በኋላ ሽፈራው በአጥራችን በኩል ብቅ አለ። "ስማ ጎበዝ፣ ሽማግሌው ራሱ ነው የገባበት። አፍህን ዝጋ። የሚቀጥለውን ዕቃ ከሞርሲቶ ከተማ እናወጣለን።"

ወንድሜ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ወደ ቀበሌ ሄደ፤ ትከሻውን መስበቁንም ረስቶታል። ተከተልኩት።

"ቡና መሆኑን እያወቅኩ የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ባለቤቱ ሽፈራው ነው" አለ።

"የማን ልጅ ነህ?" አሉት ሊቀመንበሩ።

በሕፃንነታችን የሞተው አባታችን ስሙ ሄራሞ ነው። ኤርሚያስ ግን "የላምቦሬ" አለ። ጥግ ላይ የተቀመጠው አጎቴ ቀና ብሎ አየውና መልሶ አቀረቀረ።

ሽፈራው ሲፈለግ ከከተማው ጠፍቶ ነበር። ወንድሜን የቀበሌውን ግቢ ሲያስጠርጉት ከረሙ፤ አጎቴን በዚያው ዕለት ለቀቁት። ወደ ቤት ስንመለስ ቁጣ ብንጠብቅ ያለው ይህን ብቻ ነው፦ "ቢሆንም ቆጮ መጠቅለል ከእናትህ ተማር።" እናቴ ከሳምንት በላይ ሳቀችበት። ኤርሚያስም ትምህርቱን ቀጠለ፤ ከሰዓት በኋላ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ከአጎቴ ጋር ገመድ ይስብ ነበር።

ጋሼ ላምቦሬ ካረፈ ብዙ ዘመን ሆነው። ኤርሚያስ በሾፌርነት ኖሮ በሰላም ጡረታ ወጥቷል፤ እኔንም ዘግይቼ የያዝኩት ፊደል አስተማሪ አድርጎኛል። ስለዚህ አላማርርም። አንዳንዴ ግን በአዲሱ መናኸሪያ ሳልፍ፣ አጥፍቶ የተያዘ ልጅ በሰው ተከቦ አያለሁ። ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ይቀርጸዋል። ቀና ብዬ የአውቶቡሶቹን ጣሪያ አያለሁ፤ የሚወርድ ሰው የለም።