የቆቃ ውሃ በሰማያዊ ሳፋ

«ነጩ ነው ያልኩሽ ነጩ ነው!»

«አባዬ፣ ቀና ብለህ ሰማዩን እየው እስቲ። በዚህ ደመና ነጭ ማንኪያ ምን ያደርግልሃል?»

«አንቺ ነሽ እኔን ዓሣ የምታስተምሪኝ?»

«ያስተማርከኝን ነው መልሼ የምነግርህ!»

ግቢያችን ውስጥ፣ በሰማያዊው ሳፋ ግራና ቀኝ ቁጢጥ ብለን ነበር የምንከራከረው። መዳፌ ላይ ሁለት ማንኪያዎች ነበሩ፤ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ነሐስ። እጀታቸው ተቆርጦ፣ ጫፍና ጫፋቸው ተበስቶ፣ ከኋላቸው ባለ ሦስት ጥርስ መንጠቆ የተንጠለጠለባቸው። የብረቱ ቅዝቃዜ እስከ ክርኔ ይሰማኝ ነበር። መስከረም ከገባ ሳምንት አልፎታል፤ ሰማዩ ግን ክረምቱን አልለቀቀም። ከልደታ ማርያም በኩል የቅዳሴ ድምፅ በእርጥብ አየር ውስጥ እየተጎተተ ይመጣል።

አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ወደ ደቡብ ጭነት ሲመላለስ ቆቃ ሐይቅ ዳር እየቆመ ነው ዓሣ ማጥመድ የለመደው። ትል ሰክቶ ቁጭ ማለት አይሆንለትም። የሚወደው ቢልጫን ነበር፤ ቢልጫ አዳኝ ዓሣ ነው፣ የሚሸሽ ነገር ካላየ አይነቃነቅም። ማንኪያው ውሃ ውስጥ ሲጎተት እንደ ቆሰለች ትንሽ ዓሣ ይወላገዳል፣ ቢልጫው ያባርረዋል።

«ፀሐይ ከሆነ ነጩ፣ ደመና ከሆነ ነሐሱ» ይለኝ ነበር ከልጅነቴ ጀምሮ። «ደመና ሲሆን ነጩ ከውሃው ጋር ይመሳሰላል። ነሐስ ግን ትንሽ ብርሃን ካገኘ አይለቃትም። ሲቀዘቅዝ ደግሞ ሰፋ ያለውን ምረጪ፤ ቀስ እያልሽ ብትጎትቺውም ይወዛወዛል።»

በቃል ብቻ ግን አያምንም። ከቆቃ በተመለሰ ቁጥር የሐይቁን ውሃ በቢጫ ጀሪካን ቀድቶ ይመጣል። በሚቀጥለው ጉዞ ጠዋት ጀሪካኑን ያናውጥና ሳፋው ውስጥ ይገለብጠዋል። የጭቃና የበሰበሰ ሣር ሽታ ግቢውን ይሞላዋል። እኔ ማንኪያዎቹን በየተራ በሲባጎ አስሬ አወርዳለሁ፤ እሱ ቆሞ ቁልቁል ያያል። ቶሎ ከዓይን የሚጠፋው ቤት ይቀራል፣ መጨረሻ የሚጠፋው ቆቃ ይሄዳል። ጎረቤቶች ይስቁብን ነበር። «ሳፋው ዛሬ ስንት ወለደ?» ይላሉ። «ማታ ሲጠበስ ከሽታው ትቆጥሩታላችሁ» ይላቸዋል አባቴ።

ውሃው የቆቃ ነበር፤ ደመናው ግን የልደታ። መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ያለው ሰማይ ከኛው ጋር አንድ ነው ብለን እንዴት እንዳመንን እንጃ። ግን ዓሣ ይዞ ይመጣ ነበር።

አሁን የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደመና በሆነ ጠዋት አባቴ በረንዳው ላይ ይቀመጥና ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ «ወፍራም ነው ስስ?» ይለኛል። እነግረዋለሁ። ስለዚያ የመስከረም እሑድ ግን አንስተን አናውቅም።

ከዚያ እሑድ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ፣ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ያለው በያጅ መንገድ ላይ አስቁሞኝ ነበር። ለአባቴ ማንኪያዎቹን የሚቆርጥለትም፣ በአሮጌ ፒክአፑ ቆቃ የሚወስደውም እሱ ነው። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ የተቃጠለ ብረት እየሸተተ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ስሚ የኔ ልጅ። አባትሽ ባለፈው ውሃውን መሬት መስሎት ረገጠው። ደረቱ ድረስ ገባ። በኮቱ ጎትቼ ነው ያወጣሁት።»

«ለኛ ምንም አልነገረንም!»

«ለኔም ‹አዳለጠኝ› ነው ያለኝ። አዳልጦት አይደለም፤ አላየውም።»

«ታዲያ ጋሼ፣ እሑድ አይውሰዱት።»

«እኔ ብቀር በአውቶቡስ ይሄዳል፤ ታውቂው የለ? አንቺ አስቀሪው። አንቺን ይሰማል።»

ሦስቱን ቀን ዓይኔን ከአባቴ ላይ አልነቀልኩም። ሻይ ሲቀዳ ጣቱን ብርጭቆው ውስጥ ይከታል። ሰው ሲገባ ድምፁን ካልሰማ ሰላም አይልም። መንዳት ያቆመው «ወገቤን አመመኝ» ብሎ ነበር፤ ወገቡን ሲያሽ ግን አንድ ቀን አይቼው አላውቅም። ይህ ሁሉ ዓይኔ ፊት ሲሆን ከርሟል፣ እኔ ደግሞ ምንም አያመልጠኝም ብዬ የምኮራ ሰው ነበርኩ።

እሑድ ጠዋት ነጩን ካልያዝኩ ብሎ ድርቅ ሲል ምክንያቱ ገባኝ። መዳፌ ላይ ከነበሩት ለሱ የሚያብለጨልጭለት ነጩ ብቻ ነበር።

«አባዬ፣ ዓይንህ እንዴት ነው?» ማለት ይቻል ነበር። ክርክሩ ግን ደሜን አፍልቶታል። ማሸነፍ ፈለግኩ።

«እሺ፣ ውሃው ይዳኘን» አልኩት።

«ይዳኘን!» ብሎ ተነሣ።

ሁለቱንም ማንኪያዎች ቀስ ብዬ ኪሴ ከተትኳቸው። ባዶውን ሲባጎ ሳፋው ውስጥ አወረድኩ።

«ነሐሱ ነው» አልኩ።

«ጠፋ» አለ ወዲያው።

አወጣሁት። እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር። ያንኑ ባዶ ሲባጎ መልሼ አወረድኩት።

«አሁን ነጩ።»

አንገቱን አሰገገ። «ይታያል… ዝቅ አድርጊው… ይታያል… ትንሽ ጨምሪ… አሁንም ይታያል!» ድምፁ ውስጥ ደስታ ነበር። «አሁን ጠፋ። አላልኩሽም?»

ፈገግ ብሎ ማንኪያውን እንድሰጠው እጁን ዘረጋ። የሲባጎውን ጫፍ መዳፉ ላይ አኖርኩለት። ጣቶቹ ክሩን ይዘው ወደ ላይ ሄዱ፣ ወደ ታች ተመለሱ፣ የረጠበው ጫፍ ላይ ቆሙ። ፈገግታው ወዲያው አልጠፋም። የሚሄድበት ያጣ ይመስል ፊቱ ላይ ቆየ።

ከአጥሩ ውጭ የፒክአፑ ጥሩምባ ሁለት ጊዜ ጮኸ።

«እሱ ነው የነገረሽ?» አለኝ።

«አዎ… አባዬ፣ ውሃ እንዳይወስድህ ብዬ እኮ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅሽኝም?»

ኪሴ ውስጥ ያሉትን ማንኪያዎች በእጄ ጨበጥኳቸው።

«ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር» አለ፤ ቁጣ አልነበረበትም፣ ቁጣ በሆነልኝ። «ለሌላ ለማንም አልነግርም። ላንቺ ግን እነግርሽ ነበር።»

ሲባጎውን በሁለት ጣቱ ላይ ጠቅልሎ ሰጠኝ። «ሂጂ፣ አይመጣም በይው።»

ከዚያ ዞረ። ሁሌ ግቢውን በፈጣን እርምጃ ነበር የሚያቋርጠው፤ ያን ጠዋት ግን መደበቁን ተወው። እጁን ግድግዳው ላይ አሳርፎ፣ ጭቃውን ግድግዳ በመዳፉ እየዳበሰ፣ ቀስ ብሎ ሄደ። ደረጃውን በጫማው ጫፍ ፈለገው፤ አገኘውና ወጣ። ልከተለው አንድ እርምጃ ተራመድኩ። ገባ፣ በሩንም ከውስጥ ገፍቶ ዘጋው።